ለገንዘብ ያዧ ልጄ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ሳሉስ ተሻለሽ? እናትሽ ድምፅሽ አሁንም እንደተዘጋ ነው ብላኛለች። ታከሚ እባክሽ፣ ነገ ዛሬ አትበይ።

ትናንት አጎትሽ ደውሎ የመቃብር ኮሚቴያችሁን ስብሰባ ወሬ ነገረኝ። ለመቃብር ቦታው ትልቅ የብረት በር ሊሠራ ነው አሉ፣ ግራና ቀኙ የግንብ ዓምድ፣ ከላዩ ጽሑፍ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ሲባል አንዱ ተነስቶ «ባንክ የተቀመጠው አለ አይደል» አለ፣ አንቺም ዝም አልሽ። ገንዘብ ያዥ ሆነሽ ዝም! አልወደድኩልሽም። ገንዘብ ያዥ ዝም ካለ ተስማማ ነው የሚባለው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይሄን ልበልሽ፦ ባንክ የተቀመጠውን ዋናውን ገንዘብ እንዳትነኪ።

በሩን ጠልቼ አይደለም። በር ያምራል። ግን በር አንዴ ተሠርቶ ያልቃል፣ ሣሩ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይበቅላል። የኛ ቦታ ደግሞ ትንሽ ናት። አሁን አዲስ መቃብር ሲሸጥ ገንዘብ ይገባል፣ ቦታው የሞላ ቀን ግን ገቢው ቀጥ ይላል። ወጪው አብሮ አይቆምም። አጥሩ ይወድቃል፣ ቦዩ ይደፈናል፣ አዲስ የተቀበረበት አፈር ውሎ አድሮ ይሰምጥና እንደገና ይሞላል። ልጆቻቸው ርቀው የሄዱ አሉ፣ ጭራሽ ዘር ያልተረፈላቸው አሉ። የእነሱን ሣር ማን ያጭዳል? ያ ባንክ ያለው ገንዘብ ነዋ!

ወለዱንም ቢሆን ጠራርጋችሁ አትብሉት። እንደ ምሳሌ 100 ሺህ አስቀምጣችሁ ባንኩ በዓመት 7 በመቶ ቢሰጣችሁ 7 ሺህ ይሆናል። የዕቃ ዋጋ በዚያው ዓመት 5 በመቶ ከጨመረ ግን 5 ሺውን መልሳችሁ ዋናው ላይ ካልጨመራችሁ ገንዘቡ ቁጥሩ ሳይቀንስ አቅሙ እየሟሸሸ ነው። ለሥራ የሚወጣው 2 ሺው ብቻ ነው። ትንሽ ናት፣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የየዓመቱ መዋጮ የማይቀረው። አዲስ ቦታ በተሸጠ ቁጥርም ከክፍያው ቁርጥ ያለ ድርሻ በቀጥታ ወደ ዋናው ይግባ። ይሄን ደንቡ ላይ አስጽፊው እንጂ በቃል አትተዪው፣ የቃል ስምምነት ኮሚቴ ሲቀየር አብሮ ነው የሚሄደው። በሩን የፈለጉት ደግሞ ለበሩ ለብቻው ያዋጡ። ከዋናው ግን አይሆንም በያቸው።

አንድ ሌላ ነገር። ብቻሽን እንዳትፈርሚ። ሁለት ሰው ሳይፈርም ከባንክ ምንም አይውጣ፣ ሒሳቡንም በየዓመቱ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ ሰው ይመርምረው። አንቺን ተጠራጥሬ አይደለም የኔ ልጅ። ከልጅነትሽ ጀምሮ የሰው ሳንቲም ሲቀመጥብሽ እንቅልፍ እንደማይወስድሽ አውቃለሁ። ነገ አንዱ ተነስቶ «የት ደረሰ» ሲል መልሱ ወረቀት ላይ እንዲገኝልሽ ብዬ ነው።

ማን የት እንደተቀበረ የሚያሳየው መዝገብ ማን ጋ ነው ያለው አሁን? ስለ መዝገብ ሳነሳ እናቴ ትመጣብኛለች። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፣ ግን ልድገመው። ያኔ መቃብር ቆፋሪው ሽማግሌ መዝገብ አልነበረውም፣ እሱ ራሱ መዝገብ ነበር። የፈለግሽውን ሰው ስም ጥሪ፣ በጣቱ ያሳይሻል። እናቴ ስትቀበር ድንጋይ የማቆም አቅም አልነበረንም፣ ስሟ በቀለም የተጻፈበት እንጨት ተከልን። ዝናብ መጀመሪያ ቀለሙን በላው፣ ከዚያ እንጨቱን። ሽማግሌው አለ ብለን አልተጨነቅንም። እሱም ሞተ። አጎትሽ ከትልቁ ዛፍ በስተግራ ነው ይላል፣ እኔ በስተቀኝ እላለሁ፣ ዛፉ ራሱ ተቆርጧል። ስሄድ መሀል ላይ ነው የምቆመው። ከሱ ይባስ ብሎ ደግሞ አንድ ጊዜ ለሌላ ሰው ጉድጓድ ሲቆፈር የቆየ ሣጥን ተነካ፣ ለቀስተኛው እዚያው ቆሞ እያለ። የማን እንደሆነ የሚናገር ጠፋ። መልሰው ሸፈኑትና ሌላ ቦታ ቆፈሩ። እናቴ ትሁን አትሁን እስከዛሬ አላውቅም። የዚያን ቀን ነገር ብዙ አላወራም፣ አጎትሽም አያወራም።

ስለዚህ ካርታ ይሠራ። እያንዳንዱ መቃብር ቁጥር ይኑረው፣ ከማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከአጥሩ ማዕዘን፣ በሜትር ይለካ። ዛፍ ምልክት አይሆንም። ሁለት ቅጂ ይሁን፣ ሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጥ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው።

ለጽዳት ለሚመጡት ልጆችም ንገሪያቸው፣ ሐውልት በሽቦ ብሩሽ አይፈተግም። በረኪናና አሲድ ደግሞ በፍጹም፣ አሲድ እብነ በረድን ይበላዋል። ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፣ ከታች ወደ ላይ። የቆየ ድንጋይ ሲሰነጠቅ በሲሚንቶ አይደፈን፣ ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይጠነክርና ውኃ አፍኖ ይይዛል፣ በሌላ በኩል ይሰነጥቀዋል። ኖራ ይሻላል። የዘመመ ሐውልት ካለ ሕፃን እንዳይጠጋው አጥሩት፣ ወይ በሰው ኃይል ቀስ ብላችሁ አስተኙት። ድንጋይ ሰው ላይ ሲወድቅ ቀልድ አይደለም። አረም ማጥፊያ መድኃኒትም በየቦታው አይረጭ፣ የሣሩ ሥር ሲሞት አፈሩን የሚይዘው ይጠፋል፣ ከዚያ ጎርፍ ነው።

ዋናውን አደራ። ቢጮኹብሽም፣ ቢያኮርፉሽም። የባንኩን ወረቀትና የመጨረሻውን ቃለ ጉባኤ ፎቶ አንስተሽ ዛሬውኑ ላኪልኝ፣ ደብዛዛ እንዳይሆን፣ ዓይኔን ታውቂዋለሽ። የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሆነም ንገሪኝ፣ እመጣለሁ። ከኋላ ነው የምቀመጠው፣ አንድም ቃል አልናገርም። ምናልባት ትንሽ።

አባትሽ