ጠመንጃ ይዞ የመጣው እንግዳ

ክቡር አዘጋጅ፣

በ2017 ዓ.ም. መስከረም 17 እኛ መስቀልን ስናከብር፣ የዓለም ቱሪዝም ቀንም በዚያው ዕለት ዋለ። የዚያ ዓመት መሪ ቃሉ «ቱሪዝምና ሰላም» ነበር። ከዚያ ወዲህ በየመድረኩ «ቱሪዝም የሰላም መሣሪያ ነው» ሲባል እሰማለሁ። ላሊበላ ላይ ሃያ ዓመት ግድም ያስጎበኘሁ ሰው ነኝና ይህችን አባባል ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል።

ቱሪዝም እንዲሁ በራሱ ሰላም የሚያወርድ ቢሆን ኖሮ ጦርነት የእኛን ከተማ ባልረገጣት ነበር። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የየአገሩን ሰው አስተናግደናል። ጃፓኑ መጣ፣ ጣሊያኑ መጣ፣ ብራዚሉ መጣ። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገባና አልጋው ሁሉ ባዶ ቀረ። በ2013 ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ደረሰ። ያ ሁሉ እንግዳ አላስጣለንም።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ አንድ ወጣት ታጣቂ ቆሞ አገኘሁ። የየትኛው ወገን እንደሆነ አልጽፍም፤ ለነገሬም አይጠቅምም። ዕድሜው ሃያ ቢሞላ ነው። ቁልቁል ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ እውነት ግንብ አይደለም? ከአንድ ድንጋይ ነው?» አለኝ። ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ እንደተሠራ ነገርኩት። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች አሳየሁት። ወረደ። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ለጫማ ጠባቂው ልጅ ሰጠና ጠመንጃውን የት እንደሚያደርገው ግራ ገባው። ዞር ዞር ብሎ አየና ለጓደኛው «ያዝልኝ» አለው። ሲወጣ «ትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አይቼው ነበር» አለ። ከተወለደበት ቀዬ ርቆ ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ ቆጠርኩ። በዚያን ሁሉ ዓመት ከነቀምቴ፣ ከጂንካ ወይም ከጎዴ አገሩን ሊያይ ብቻ የመጣ ስንት ሰው ይዤ ዞርኩ? የሁለት እጄን ጣት አልሞላልኝም። የሚላኖን ሰው ልማድ አውቃለሁ፤ ቡናውን እንዴት እንደሚወድ፣ በምን እንደሚቆጣ። የጎዴን ሰው ልማድ ግን አላውቅም።

በእርግጥ ለገና የሚመጣ ሕዝብ አለን። በእግሩ ስንት ቀን ተጉዞ ሲደርስ የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል፤ ንፍሮው ይቀርባል፣ ሜዳው ይለቀቅለታል። ቤተ ማርያም ዙሪያ ማሜ ጋራ ላይ «ቤዛ ኩሉ» የተባለው የገና መዝሙር ሲዘመር ላስታውን ከጎጃሜው፣ ጎጃሜውን ከሸዋው የሚለይ የለም። ይህን የመሰለ መስተንግዶ የትም ሆቴል አታገኙም። ነገር ግን እግሩን የምናጥብለት በእምነት የእኛው የሆነውን ነው። (በዚያው ሰሞን የአልጋ ዋጋ ሦስት እጥፍ የምናደርገውም እኛው ነን፤ ይህንንም ልሸፍን አልፈልግም።)

በእምነት ለማይመስለን እንግዳ እንዴት እንደሚሆን የተማርኩት ሐረር ሄጄ ነው። ከተማይቱ የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት እ.ኤ.አ. ለ2002/2003 ተሸልማለች፤ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጀጎልም እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኔ የማስታውሰው ግን ምሳውን ነው። ያረፍኩት እንግዳ በሚቀበል አንድ የሐረሪ ቤት ነበር፤ መደቡ በአምስት ደረጃ ከፍና ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በሰፌድና በሙዳይ የተሞላ። የቤቱ እመቤት ሙስሊም ናቸው። ገና ምንም ሳልናገር ምስር አቀረቡልኝና «ዛሬ ረቡዕ አይደል? እናንተ ትጾማላችሁ» አሉኝ። አፈርኩ። በእኛ ከተማ ሙስሊም እንግዳ ሲመጣ የቀረበለትን ሥጋ ማን እንደባረከው ሳይጠይቀን ቀድመን የምናስብ ስንት ነን? እኔ ራሴ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሰዎች «መጀመሪያ ሰላም ይውረድ፣ ቱሪስቱ ከዚያ ይመጣል» ይላሉ። መንገድ ሲዘጋ፣ ጥይት ሲጮህ ማንም አይመጣም፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው መንገዱ ሲከፈት ማንን ነው የምንጠብቀው በሚለው ላይ ነው። ቢሮው፣ ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ ሁላችንም የምንጠብቀው ዶላር የያዘውን ነው። ዶላሩ ያስፈልገናል፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በእሱ ነው። ግን ፈረንጁ የእኔንና የጎረቤቴን ጠብ አያበርድም። ጠቡ ካለበት ቦታ ሰው መምጣት አለበት፤ እኔም ወደዚያ መሄድ አለብኝ።

መንገዱ ደግሞ የለም አይባልም። እዚሁ ሰሜን ወሎ፣ መቄት ወረዳ ላይ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ተስፋ» በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ገበሬው ራሱ ጎጆ ሠርቶ እንግዳ ያሳድራል። መቋት ማርያም ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳው ሲግጥ እያያችሁ ቡና ትጠጣላችሁ። እንግዳው ጥቂት ነው፤ ጓዙን የሚጭነው የመንደሩ አህያ ነው፣ ሽሮውን የምትሠራው የመንደሩ ሴት ናት፣ ገቢውም ለመንደሩ ነው። እዚያው መቄት፣ ዋጀላ በሚባለው ማረፊያ አድረን ሌሊቱን ከባለቤቶቹ ጋር ስናወራ ያነጋንበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ አስተረጉማለሁ፤ እንግዶቹ ግን ሁሌም ፈረንጆች ነበሩ። በዚያች ጎጆ ውስጥ አንድ የነቀምቴ መምህር ቢያድር ብዬ ያሰብኩት በጣም ዘግይቼ ነው። እሱ ቢሆን አስተርጓሚ እንኳ ላያስፈልገው ይችል ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ሆቴሎቻችን ለአገር ውስጥ ጎብኚ ዓመቱን ሙሉ የማይዋዥቅ ዋጋ ያውጡ፣ ገናም ቢሆን። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህራን በየተራ ወደ ሌላ ክልል ሄደው ሰው ቤት የሚያድሩበት ነገር ይታሰብ፤ ወጪው ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው የአዳራሽ፣ የኮፍያና የካናቴራ ሒሳብ የሚበልጥ አይመስለኝም። መንደሮቹ አልጋ አላቸው፤ የጎደለው እንግዳ ነው።

እናንተም በየዓመቱ የቱሪስት ቁጥር ታወጣላችሁ። ለከርሞ ከውጭ ስንት ሰው ገባ ብላችሁ ስትጽፉ፣ ከነቀምቴ መጥቶ ላስታ፣ ከላስታም ሄዶ ነቀምቴ ሰው ቤት ያደረ ስንት እንደሆነ የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስጎብኚ
ላሊበላ