የፏፏቴው ጉዞ፦ ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ወላጆች

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ቤታችሁ እንደገባ አውቃለሁ። አዎ፣ እውነት ነው። በመጪው ቅዳሜ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ፏፏቴ ለማየት ሄደው በዚያው ቀን ይመለሳሉ። ቢሮ የመጡትም የደወሉትም ወላጆች የጠየቁኝ ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ነው፦ «ውሃ አጠገብ ማን ነው የሚጠብቃቸው?» ከእሱ ልጀምር።

ቁርጡን ልናገርና፣ ማንም ተማሪ ውሃ ውስጥ አይገባም። ዋና የሚችልም አይገባም። ፏፏቴ ስር ያለ ውሃ እንደ መዋኛ ገንዳ አይደለም። ከላይ የሚወርደው ውሃ አየር ይዞ ስለሚገባ ከስር ያለው በአረፋ ይሞላል። አረፋ የበዛበት ውሃ ደግሞ ሰውን እንደ ተራ ውሃ አያንሳፍፍም። ከዚያም ላይ ወደ ፏፏቴው መልሶ የሚጎትት ሽክርክሪት አለ። ጎበዝ ዋናተኛም ይቸገርበታል። ስለዚህ የዋና ልብስ ቦርሳቸው ውስጥ አትክተቱላቸው። ካለ መፈተኑ አይቀርም።

እኔን ግን ከውሃው በላይ የሚያሳስበኝ ድንጋዩ ነው። በርጭቱ የተነሳ በፏፏቴ ዙሪያ ያለ ድንጋይ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ ስስ አልጌ ይበቅላል። ከሩቅ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፤ ሲረግጡት ሳሙና ነው። እባካችሁ ዛሬ ማታ የልጃችሁን ጫማ ገልብጣችሁ ሶሉን እዩት። ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ከሆነ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ሲሊፐርና ነጠላ ጫማ ያደረገ ልጅ አውቶቡስ ላይ አይወጣም። አዲስ ጫማ ግዙ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ያልተለመደ አዲስ ጫማ እግር ይልጣል። የለመዱት፣ የሚታሰርና ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን።

ሌላው ዝናብ ነው። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ብሎ፣ ወንዙ ከሚመጣበት ከላይ በኩል ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ወንዙ ሳይታሰብ ይሞላል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ እየገፋ ከመጣ፣ ወይም ድምፁ እየከበደ ከሄደ መምህራኑ አንድ ደቂቃ አይጠብቁም፤ ልጆቹን ይዘው ከፍ ወዳለው ቦታ ይወጣሉ። የአየር ትንበያውን ዓርብ እስከ ማታ እንከታተላለን። ዝናብ የሚያሰጋ ከሆነ ጉዞው ወደ ሌላ ቅዳሜ ይዛወራል፤ የከፈላችሁት ገንዘብ አይቃጠልም። ልጆቹ ይበሳጫሉ። ይበሳጩ።

ወደ ጥበቃው ልመለስ። ለ10 ተማሪ አንድ መምህር መድበናል። እያንዳንዱ ልጅ ጥንድ አለው፤ ሽንት ቤትም ቢሆን ብቻውን አይሄድም። ፏፏቴ አጠገብ ደግሞ አንድ ችግር አለ። ጩኸት አይሰማም። መምህሩ «ተመለስ!» ብሎ ቢጮህ ሁለት ሜትር ራቅ ያለው ልጅ አፉ ሲንቀሳቀስ ነው የሚያየው። ስለዚህ በፊሽካ ተስማምተናል። አንድ ፊሽካ «ባላችሁበት ቁሙና መምህራችሁን እዩ» ማለት ነው። ሦስት ፊሽካ ከሆነ ሁሉም ወደ መሰብሰቢያው ይመለሳል። በሰልፍ ላይ ስንለማመድ ሰፈሩን በፊሽካ አናውጠነዋል፤ ጎረቤቶቻችን ይቅር ይበሉን። ቤት ውስጥ «ሦስት ሲነፋ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው ደስ ይለኛል።

ስልክ መያዝ ይቻላል። ፎቶ የሚነሳው ግን አጥር ካለው መመልከቻ ብቻ ነው። ስልኩን ፊት ለፊት ይዞ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ሰልፊ መነሳት በዚህ ጉዞ ላይ አይፈቀድም። ይህን የጣሰ ተማሪ ስልኩን እስከ መመለሻው ለመምህሩ ያስረክባል። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል። ደውላችሁ ባይነሳ አትደንግጡ። አውቶቡሱ ወደሚቆምበት ስንመለስ የክፍል ኃላፊ መምህራን በክፍሉ ግሩፕ ላይ መልእክት ይልኩላችኋል።

አሁን ደስ ወደሚለው ልለፍ። ጉዞው ሽርሽር ብቻ አይደለም። የጂኦግራፊ መምህራችን ፏፏቴ ቦታውን እንደሚለቅ ሊያሳያቸው አስቧል። ብዙ ጊዜ ከላይ ጠንካራ ድንጋይ፣ ከስሩ ደግሞ ለስላሳ ድንጋይ ይኖራል። ውሃው ለስላሳውን ከስር ይቦረቡረዋል። ከላይ ያለው ድጋፍ ሲያጣ ይናዳል። ናያግራ በዚህ መንገድ ባለፉት 12,000 ዓመታት ገደማ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። ልጆቹ ይህን ከተረዱ ተንጠልጥሎ ከወጣ ድንጋይ ስር መቆም ለምን እንደከለከልን አይጠይቁንም። የፊዚክስ መምህራችን ደግሞ የቤት ሥራ ሰጥታለች፦ ውሃው ወድቆ ሲጋጭ ይሞቃል ወይስ አይሞቅም? ይሞቃል፤ ግን 100 ሜትር የወደቀ ውሃ በስሌት ሩብ ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ አይሞላም። መልሱን ለልጆቹ እንዳትነግሩብን።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው ግን ጥሩ ነው። ልጆቹ ስልክ ላይ ያዩትን ፎቶ ነው የሚጠብቁት። ፏፏቴ እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ በደረቅ ወራት ይሳሳል፤ ወንዙ ላይ የኃይል ማመንጫ ካለም ይቀንሳል። ናያግራን እንኳ ብንወስድ አሜሪካና ካናዳ በ1950 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈራረሙት ውል አለ። ጎብኚ በሚበዛበት ሰዓት በሴኮንድ ቢያንስ 2,832 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲወርድ ያዛል፤ በሌላው ጊዜ ግማሹ ይበቃል። የቀረው ወደ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል።

የምንነሳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ለምን እንዲህ በማለዳ ላላችሁኝ፣ ፏፏቴው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ነው። ጠዋት ስንደርስ ፀሐይዋ ከጀርባችን ትሆናለች። ቀስተ ደመና ደግሞ ፀሐይ ከጀርባ ካልሆነች አይታይም። ከሰዓት በኋላ ብንሄድ ይሄ ያመልጠናል። የዘገየ ልጅ እስከ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ይሄዳል። ወደ ግቢው የምንመለሰው 11 ሰዓት አካባቢ ነው። መጥታችሁ ውሰዷቸው፤ ብቻውን እንዲሄድ የምትፈቅዱለት ልጅ ካለ ቅጹ ላይ ጻፉልን።

ቦርሳው ይቅለል። ምሳ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ መቀየሪያ ካልሲና ሹራብ በቂ ነው። ውሃውን አደራ፤ ከወንዙ መጠጣት ክልክል ነው። ጥርት ብሎ ቢታይም ጃርዲያን የመሰለ ጥገኛ ተህዋስ በዓይን አይታይም። መኪና የሚያዞረው ልጅ ካላችሁ ንገሩን፣ ከፊት እናስቀምጠዋለን። አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የንብ ንድፊያ አለርጂ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ስሙ ተጽፎበት ለመምህሩ በእጅ ይስጥ።

መላክ ያልፈለገ ወላጅ አይገደድም። የቀረው ተማሪ ያንኑ ትምህርት በሌላ ቀን እዚሁ ይማራል፤ ማርክ አይጎድልበትም። ክፍያው የከበደው ወላጅም ለእኔ ብቻ ይንገረኝ። ልጁም ሆነ ጓደኞቹ ሳያውቁ እንጨርሰዋለን።

የተፈረመው የፈቃድ ቅጽ እስከ ሐሙስ ለክፍል ኃላፊው መምህር ይድረስ። ፊርማው የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ይሁን፤ የታላቅ ወንድምን ፊርማ ከእናንተ ፊርማ መለየት ችለናል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር