ስካሎፕን ከሳልሞን ጋር አትደምሩብን

ለአዘጋጁ፤

በባሕር ላይ ስለሚካሄድ እርሻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሳልሞን የተባለው ዓሣ እርባታ ስለሚያመጣው ብክለት የተጻፈው እውነት ነው። ያልተስማማሁት መደምደሚያው ላይ ነው፤ የባሕር እርሻ ሁሉ ይቁም ይላል። «ሁሉ» ሲባል ስካሎፕም አብሮ ተጠረገ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ነው። ስካሎፕ የሚያረቡ ሰዎችን ልፋት በቅርብ ስለማይ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ስካሎፕ በሁለት ዛጎል መካከል የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። መቼም ብዙዎቻችን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት ስለማንበላ ከገበታችን ላይ የለም። እዚህ ላለው ዓሣ አጥማጅ ግን እንጀራው ነው።

ዋናው ልዩነት መኖው ላይ ነው። ሳልሞን በመረብ ታጉሮ መኖ ይበተንለታል። የተረፈው መኖና ኩሱ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። የባሕር ቅማል ሲይዘው ደግሞ መድኃኒት ይደረግለታል። ስካሎፕን ማንም አይቀልበውም። ውሃውን እያጣራ አልጌ የሚባል ደቃቅ፣ ዕፅዋት መሰል ነገር ይበላል፣ በቃ። ኩስ የለውም አልልም፤ ግን የሚመልሰው ከዚያው ከባሕሩ ያገኘውን ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የስካሎፕ እጭ፣ ማለትም ገና ከእንቁላል የወጣው ደቃቅ ልጁ፣ ለአንድ ወር ያህል ሲንሳፈፍ ከቆየ በኋላ የሚጣበቅበት ነገር ይፈልጋል። አርቢዎቹ በመስከረም አካባቢ የመረብ ከረጢት ባሕር ውስጥ ያንጠለጥላሉ። ደቃቁ እጭ በቀዳዳው ሾልኮ ይገባና እዚያው ያድጋል። ሲተልቅ መውጣት አይችልም። በሚቀጥለው ዓመት ከረጢቱ ይወጣል፤ ጥቃቅኖቹ አንድ በአንድ ተለቅመው ፎቅ በፎቅ ወደተሠራ ክብ መረብ ይዛወራሉ። ከዚያ በኋላ አንዳንዶች የጃፓኖችን ዘዴ ይከተላሉ። ለሕፃን ልጅ ጉትቻ እንደሚበሳው የዛጎሉ ጠርዝ በቀጭን መሰርሰሪያ ይበሳና በረጅም ገመድ ላይ ይንጠለጠላል። ይህ ዘዴ የመጣው ጃፓን ውስጥ ካለው ከአኦሞሪ ግዛት ነው፤ እዚያ ሙትሱ በሚባለው ሰላጤ ስካሎፕ ማርባት የቆየ ሙያ ነው። ሜይንና አኦሞሪ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እህትማማች ግዛቶች ናቸው። የሜይን ሰዎች ሄደው አይተው፣ መብሻ ማሽኑንም ከዚያው አስመጥተዋል።

ለገበያ እስኪደርስ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ገቢ የለም። መረቡ ላይ የሚበቅለው አረም በብርድም ቢሆን መጽዳት አለበት። ስካሎፑ ከነሆድ ዕቃው የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ የመርዝ ምርመራ ግድ ነው፤ አንዳንድ አልጌዎች የሚያመነጩት መርዝ ሆድ ዕቃው ውስጥ ይጠራቀማል። ይህን ሁሉ ችሎ የሚሠራን ሰው በካይ ብሎ መፈረጅ ያሳዝናል።

የሚያሰጋው ነገር ሌላ ነው። እሱም ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የበጋ ሙቀት ሙትሱ ውስጥ ስካሎፑን በገፍ ጨርሶታል። የሜይን ባሕርም ከብዙዎቹ የዓለም ባሕሮች በፈጠነ ሁኔታ እየሞቀ ነው። ጽሑፋችሁ ይህን ቢያነሳ ኖሮ ደስ ባለኝ።

ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ተሳስተዋል ማለቴም አይደለም። ሎብስተር የተባለውን ትልቅ ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚያጠምደው ሰው ወጥመዱን የሚጥልበት ቦታ በእርሻ ቢያዝበት ማጉረምረሙ ተገቢ ነው። ለዚህ ግን ሥርዓት አለ። እዚህ አንድ ሰው ባሕር ላይ ለማረስ ከግዛቱ ፈቃድ ያወጣል። ትንሹ የአንድ ዓመት ፈቃድ 37 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትልቁ ሊዝ እስከ 100 ኤከር (40 ሄክታር ገደማ)፣ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል፤ ከመሰጠቱ በፊትም ሕዝብ ተጠርቶ አስተያየት የሚሰጥበት መድረክ አለ። ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። እኔ ለትንንሾቹ እቆማለሁ። ሎብስተር ሲቀንስ ልጆቹ ከተማውን ለቀው እንዳይሄዱ የሚሠጋ አጥማጅ በጀልባው ሌላ ሥራ ቢጀምር ምን ክፋት አለው?

ከአንባቢዎቻችሁ ብዙዎች በአሜሪካ የባሕር ዳር ግዛቶች ዜጋ ሆነው ድምፅ የሚሰጡ ናቸው። የከተማቸው ምክር ቤት የባሕር እርሻ ለጊዜው ይታገድ የሚል ሐሳብ ሊያቀርብላቸው ይችላል፤ እዚህ ሜይን ያደረጉት ከተሞች አሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ዘገባችሁ የሚረባው ምን እንደሆነ፣ መኖ ይገባለት እንደሆነና ስንት ኤከር እንደሚይዝ ለይታችሁ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢ ከሜይን