ከአጥሩ ጀርባ ያሉትን የቦኒፋንት ሱቆች አንርሳቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማገኘው እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ቦኒፋንት መንገድ ላይ ካለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ነው። በሩ ላይ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም የአዲስ ባቡር መስመር ግንባታ አጥር ስለከለላቸው ስለዚያው ሱቅና ስለ ጎረቤቶቹ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ እጽፋለሁ፤ ሁላችንም እዚህ የምንኖረው በእሱ ነውና።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እኛ ሰፈር ባቡሩን “ሽማንደፈር” ነበር የምንለው። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሃዲድ ሐረር ተራራው ላይ መውጣት ከብዶት ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ በ1902 ከተማዋ እዚያው ተቆረቆረች። በልጅነቴ ባቡር በመጣ ቀን ሻይ ቤቱ ይሞላል፣ ጋሪው ይሰለፋል፣ ብርቱካን የምትሸጠው ጎረቤታችን ለልጆቿ ደብተር ትገዛለች። ባቡሩ እየተዳከመ ሲሄድ ደግሞ ሰፈሩ እንዴት ዝም እንዳለ አይቻለሁ። መጀመሪያ የዘጋችው ብርቱካን ሻጯ ነበረች። ስለዚህ ባቡር ጣቢያ ሲባል እኔ ቀድሞ የሚታየኝ ዙሪያው ያለው ሰው ነው።

አሜሪካ የገባሁት በ1999 ነው። ያኔ የሐበሻ ሰፈር ሲባል ዋሽንግተን ዲሲ ነበር፤ አዳምስ ሞርጋን፣ ኋላም ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ። ኪራይ ሲወደድ ብዙዎቻችን ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ ወጣን። እኔና ጓደኞቼ ሲልቨር ስፕሪንግን የመረጥነው በባቡሩ ምክንያት ነው። መኪና የለንም፣ እንግሊዝኛችን ገና ነው፣ ሥራው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጣቢያው ከ1978 ጀምሮ እዚያ ነበር። እኛ ባቡሩን ተከትለን መጣን፤ እንጀራ ቤቱ፣ ሱቁና ምግብ ቤቱ ደግሞ እኛን ተከትለው መጡ። ዛሬ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣው ለክትፎው ይመስለዋል። ከክትፎው በፊት ግን ባቡሩ ነበር።

ጣቢያውን ላላየ ሰው ልንገረው። ባቡሩ የሚቆመው ከኮልስቪል መንገድ በላይ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሰው ከሚያመላልሰው ከከተማው ባቡር፣ ከሜትሮው፣ ሃዲድ በግራም በቀኝም የጭነት ባቡር ሃዲድ አለ። ረጅሙ የጭነት ባቡር ሲያልፍ መቆሚያው ይንቀጠቀጣል፣ ወሬ ሁሉ ይቋረጣል። እኔ ፉርጎ እቆጥራለሁ። የአባቴ ልማድ ነው፤ እስካሁን አልተወኝም። ከታች መግቢያው ጋ ፔንግዊኖች እየተጣደፉ ወደ ሥራ ሲሄዱ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ነበር። ልጄ ትንሽ ሳለች “እማዬ፣ ያቺ አንቺ ነሽ” እያለች አንዷን ታሳየኝ ነበር።

በሥራ ቀን ሜትሮ የሚከፈተው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። በሩ ሳይከፈት ከሚጠብቁት መሃል ሁልጊዜ የእኛ ሰው አይጠፋም። ሆቴል የሚያጸዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ እንደ እኔ ሽማግሌና አሮጊት የሚንከባከቡ። “እንዴት አደርሽ?” “እግዚአብሔር ይመስገን።” ስም ሳንጠያየቅ ለዓመታት የተዋወቅን ነን። አንዷ ሦስት ቀን ከቀረች “ምን ሆና ነው?” ብለን እንጠያየቃለን።

አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ አንዲት እናት ካርድ ማስነኪያው በር ጋ ቆመው አገኘሁ። ነጠላቸውን ከካፖርታቸው በላይ ጣል አድርገዋል። ካርዱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። ሰው ሁሉ እየነካ ያልፋል፤ እሳቸው ያያሉ። እኔን ሲያዩ “ልጄ፣ ሐበሻ ነሽ?” አሉኝ። “አዎ እማማ።” “እንግዲያው አንቺን ነው የላከልኝ።” ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው ግራ የገባቸው። እኔም በ1999 አንዲት የደሴ ሴት ያስተማረችኝን አስተማርኳቸው። “እማማ፣ ከከተማ ወደ ቤትዎ ሲመለሱ ግሌንሞንት የሚለው ባቡር ነው። ወደ ከተማ ሲሄዱ ሼዲ ግሮቭ የሚለው።” ደጋግመው አሉት፤ ግሌንሞንት ቤት፣ ሼዲ ግሮቭ ከተማ። እስከ አውቶቡሱ ሸኘኋቸው። መርቀው አልጠገቡም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

በሲልቨር ስፕሪንግ የሚያልፈው የሜትሮ ቀዩ መስመር ካርታው ላይ ሲታይ ልክ “ሀ” ፊደልን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በቀኙ ቋሚ ላይ ናት፣ ቤተዝዳ በግራው። እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት ቤተዝዳ ነው። ሁለቱ ከተሞች በመኪና ቅርብ ናቸው። በባቡር ግን ዲሲ ድረስ ወርደሽ፣ በዩኒየን ስቴሽንና በሜትሮ ሴንተር ዞረሽ፣ በሌላው በኩል እንደገና ትወጫለሽ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ደርሶ መልሱን አስቡት። አውቶቡስ አለ፤ ግን በረዶ ሲጥልና መንገድ ሲዘጋ እሱም አይታመንም።

አሁን እየተሠራ ያለው አዲሱ የባቡር መስመር፣ ፐርፕል ላይን፣ ይህን የ“ሀ” አፍ ይገጥመዋል፤ ፊደሉ “ዐ” ይሆናል ማለት ነው። ከቤተዝዳ ተነስቶ በሲልቨር ስፕሪንግና በኮሌጅ ፓርክ አድርጎ ኒው ካሮልተን ይደርሳል። ርዝመቱ 16 ማይል ገደማ ነው፣ 21 ጣቢያ አለው፣ አራቱ ላይ ከሜትሮ ጋር ይገናኛል። ለቤት ሠራተኛ፣ ለተማሪ፣ ለነርስ ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ሲጀመር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ችግሩ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። ሥራው የተጀመረው በ2017 ነው፣ በ2022 ሊያልቅ ነበር የታሰበው። በመሃል በ2020 ሲገነባ የነበረው ተቋራጭ ጥሎ ወጣ። ሌላ እስኪተካ ብዙ ቦታ ተቆፍሮ ቆየ። አሁን የሚባለው 2027 መጨረሻ፣ በብርዱ ወራት ነው። አምስት ዓመት የተባለው አሥር ሆነ ማለት ነው።

ባቡሩ ከጣቢያው ወርዶ የሚያልፈው በቦኒፋንት መንገድ ላይ ነው። ጆርጂያ አቬኑን አቋርጦ ፌንተን ስትሪት ያለው ቤተ መጻሕፍት ጋ ይቆማል። ቦኒፋንትን የሚያውቅ ያውቃታል። ጠባብ መንገድ ናት፤ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ የእኛ ሱቆች፣ የላቲኖቹም፣ ጎን ለጎን። አብዛኞቹ ትንንሽ ሱቆች ናቸው። የግንባታው አጥር ደጃቸው ላይ ሲተከል መኪና ማቆሚያው ጠፋ። ከመንገድ ማዶ ሆኖ ሱቁ ክፍት ይሁን ዝግ መለየት ያስቸግራል።

ጋዜጣችሁን የማገኝበት ሱቅ ባለቤት በአርባዎቹ ያለች ሴት ናት። ጠዋት ስትከፍት መጀመሪያ የምታደርገው በርበሬውንና ሽሮውን የያዙትን ጠርሙሶች በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ መወልወል ነው። ቁፋሮው በበረታበት ጊዜ እኩለ ቀን ላይም ደግማ ትወለውል ነበር። ክዳኑ ላይ ያለው አቧራ በጣት ያስጽፋል። ለራሷ ቁርስ ሳትበላ ጠርሙሱን ታብሳለች፤ “ሰው አቧራ ያለበት በርበሬ አይገዛኝም” ትላለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፤ “ባቡሩ ሲመጣ ገበያው ይደራል ይሉኛል። ይደራል፣ አውቃለሁ። እስከዚያ ማን ያሻግረኛል?”

ይህ ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። ባቡሩ በመጣ ማግስት ኪራይ ይጨምራል። አዳምስ ሞርጋን ላይ የሆነውን ስላየሁ ነው ይህን የምለው። ያኔ ኪራዩን የሚችለው ማን ነው? አሥር ዓመት አቧራ የቃመችው ናት ወይስ ሪባን ሲቆረጥ የሚመጣው ባለ ገንዘብ? አቧራውን የቃመ ሰው ባቡሩንም ማየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

የሞንጎመሪ ካውንቲ ባለሥልጣናት አያውቁንም ማለት አይቻልም። ካውንቲው ከ2012 ጀምሮ ከጎንደር ጋር የእህት ከተማ ስምምነት አለው። በየምርጫውም ምግብ ቤቶቻችን ድረስ መጥተው እጃችንን ይጨብጣሉ። ስለዚህ ስለ ባቡሩና ስለ ኪራይ የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ እንሂድ። እንግሊዝኛ የሚከብደው አስተርጓሚ ቀደም ብሎ ይጠይቅ። እኔ አንዴ ሄጄ በአማርኛ ተናግሬያለሁ። እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ግን ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

ከስብሰባው የሚቀድመው ግን ኪሳችን ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን መኪና አለን፣ ቤታችን ጀርመንታውን፣ በርተንስቪል፣ ሎረል ነው። በርበሬውን ትልቁ መደብር ውስጥ ከዶሮው ጋር አንድ ላይ እናነሳለን። አልፈርድም፤ ሁላችንም ደክመን ነው የምንገባው። ግን መጀመሪያ ዱቤ የሰጠን ማን ነበር? ደሞዝ እስኪደርስ ስማችንን ደብተር ላይ ጽፎ እንጀራውን ያስያዘን?

እኛ አሥራ ሁለት ሴቶች የማርያም ማኅበር አለን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለማኅበሩ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከቦኒፋንት ለመግዛት ተስማማን። ጤፉ፣ ቅቤው፣ ቡናው፣ ዕጣኑ፣ ጧፉም ሳይቀር። ባለ ተራዋ ትገዛለች፣ ሌላዋ ተሸክማ ታግዛለች። ዋጋው በጥቂት ዶላር ይበልጥ ይሆናል። አሥራ ሁለት ላይ ሲካፈል ምንም አይደለም። ሱቋ ግን ወርኃዊቷ ማርያም በደረሰች ቁጥር እንደምንመጣ አውቃ ትጠብቀናለች፤ ለአንድ ነጋዴ ይህ ቀላል አይደለም። በአካባቢው ስንት ዕድር፣ ስንት ዕቁብ፣ ስንት የሰንበት ትምህርት ቤት አለ? እያንዳንዱ አንድ ሱቅ ቢይዝ አጥሩ እስኪነሳ ያደርሳቸዋል። ለመምጣት መኪና የግድ አይደለም፤ ቅዳሜ በባቡር ኑ፣ ከጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ናት።

በዚህ ወር ተራው የእኔ ነው። ሦስት ኪሎ በርበሬ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ ጥሬ ቡናና አንድ እሽግ ጧፍ እገዛለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከጣቢያው በታች በኮልስቪል መንገድ በኩል ቆሜ እጠብቃለሁ። መንገዱን ለማያውቅ፣ በአጥሩ መሃል በየት በኩል እንደሚገባ አሳየዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የድሬዳዋ ልጅ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ