ድመት አይጥ ስትበላ አጥንቱን አትተውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ድመት ሥጋ በል ናት፤ ጥሬ ሥጋ ብቻ ስጧት» የሚል ምክር በርክቷል። ግማሹ እውነት ነው፤ «ብቻ» የምትለው ቃል ግን ድመትን ታሽመደምዳለች። ድመት አይጥ ስትይዝ አጥንቱን፣ ልቡንና ጉበቱን ጭምር ነው የምትቆረጣጥመው። የሥጋ ቤት ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፤ ካልሲየም ግን የለውም ቢባል ይቀላል። የጎደለውን ሰውነቷ ከገዛ አጥንቷ ይመዛል። በማደግ ላይ ባለች ድመት ቶሎ ይታያል፦ መጫወት ትተዋለች፣ ታነክሳለች፣ ከወንበር ስትዘል እግሯ ይሰበራል። ስለዚህ ዓመት ላልሞላት ድመት ይህ ነገር ባይሞከር እንመርጣለን።

ለትልቋ፣ ለ1 ኪሎ አጥንት አልባ ሥጋ 50 ግራም ጉበትና አንድ የሻይ ማንኪያ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ይግባ። ቅርፊቱ ታጥቦ፣ ደርቆ እንደ በርበሬ ይላም፤ ከሻከረ ትተወዋለች። ከሥጋው 200 ግራም ያህሉ የበሬ ልብ ይሁን። ልብ ታውሪን የሚባል ለድመት የግድ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር አለው፤ ታውሪን ሲጎድል የድመት ዓይንና ልብ ይጎዳል፣ ምልክቱም ወራት ቆይቶ ስለሚመጣ ማንም ምግቡን አይጠረጥርም። ጉበት ወደደች ተብሎ አይጨመር፤ ቫይታሚን ኤ ሲከማች የአንገቷ አጥንቶች ይጣበቃሉ፣ ራሷን መላስ ያቅታታል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቫይታሚን ኢና አዮዲን ስለሚያንሰው፣ ከቀን ምግቧ ግማሹ የተሟላ የታሸገ የድመት ምግብ ይሁን። ሥጋ ቤቶች የሚመርቁት ሳንባ ሆድ ይሞላል እንጂ የአጥንትን ቦታ አይሸፍንም። ውሃ የቋጠረ ሳንባማ ለውሻ ፈጽሞ አይጣል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈው ትል የሚራባው በውሻ አንጀት ነው።

ለውጡ ቢያንስ 10 ቀን ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከምግቧ ሩቡን፣ ቀጥሎ ግማሹን በሥጋው ተኩ። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ሥጋ ስለማይሸታት ፊቷን ታዞራለች፤ በፌስታል አድርጎ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። «ይርባትና ትበላለች» ማለት አደገኛ ነው። ሁለት ሦስት ቀን የጾመች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ ስብ ይሞላና ልትሞት ትችላለች። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች ወደ ቀድሞ ምግቧ መልሷት።

ዶሮ ግን ጥሬውን አንመክርም። ማቀዝቀዝ ሳልሞኔላንም የወፍ ጉንፋን ቫይረስንም አይገድልም። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከቤት የማትወጣ ድመት በበረዶ የተሸጠ ጥሬ የተርኪ (የቱርክ ዶሮ) ምግብ በልታ በዚሁ ቫይረስ ሞታለች። ዶሮውን ቀቅሉት፤ ታውሪኑ ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁን አትድፉት፣ አጥንቱን ግን አውጡ፤ የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። የበሬው ሥጋ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ አንድ ሳምንት ቢቆይ የቶክሶፕላዝማ፣ ማለትም በድመት ሰገራ ወደ ሰው የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስ፣ ስጋት ይቀንሳል። ሰገራዋ በየቀኑ ይጠረግ፤ ጥገኛ ተሕዋሱ ለመተላለፍ ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው።

ዐቢይ ጾም ሲገባና ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ደግሞ ድመቷ በሽሮ ፍትፍት ትገፋለች። በሽሮው ያለው ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳል። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን 140 ግራም ያህል ትበላለች፤ ግማሹ የታሸገ ከሆነ ለ55ቱ ቀናት ከቅበላ በፊት 4 ኪሎ ሥጋ ይበቃል። የየቀኑን ለየብቻ በፌስታል ቋጥሩ። መብራት ጠፍቶ ከቀለጠ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፤ ያንኑ ዕለት ይቀቀል።

የእንስሳት ሐኪሞች፣ ከአዲስ አበባ