ደንገሉ ከነባለሙያዎቹ እንዲቆይ፦ ከጣና ደቡባዊ ዳርቻ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የአካባቢያችን ተወላጆች፣ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ ለምትኖሩ የጣና ወዳጆች፤

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ከሚወጣበት ብዙም ሳይርቅ የምንኖር የደንገል (ፓፒረስ የሚባለው፣ ታንኳ የሚሠራበት የረግረግ ተክል) ሠራተኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና የዕድር አባላት፣ ከሰፈራችን ፊት ለፊት ያለውን የደንገል ረግረግ መልሰን ለማልማት፣ በአጠገቡም የታንኳ አሠራር የሚታይበትና ለልጆቻችን ትምህርቱ የሚሰጥበት ዳስ ለማቆም ተስማምተን ሥራ ጀምረናል። ይህን የምንጽፍላችሁ ጉልበታችን የሚበቃውን ያህል ከሠራን በኋላ፣ በጉልበት ብቻ የማይሸፈነው ስለቀረን ነው።

ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በሞተር ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ይሻገራል፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ፣ የመቅደሱን ሥዕሎች አድንቆ፣ የዘጌን ቡና ቀምሶ ይመለሳል። ደንገሉን የሚያየው በመንገዱ ላይ፣ ከሩቅ፣ አረንጓዴ አጥር መስሎ ነው። ማለዳ ላይ፣ ንፋሱ ሳይነሣ፣ በታንኳ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ የደጋ ሐይቅ በመሆኑ የማለዳው አየር ይቀዘቅዛል። ሦስት ማዕዘን ግንድ ያለው፣ አናቱ እንደ ጎፈሬ የተበተነው ደንገል ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል፤ ከሥሩ ዓሣ ይራባል፣ በውስጡ ወፍ ጎጆ ይሠራል፣ አንዳንዴም ጉማሬ ድንገት ያናፋል። (ጉማሬው ከመጣ ቀዛፊው የሚላችሁን መስማት ነው እንጂ ፎቶ ማንሣት አይደለም።)

ታንኳው ራሱ ደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ተጋጥመው በገመድ ይጠበቁና አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። የደረቀው ግንድ ውስጡ አየር የቋጠረ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን ውሎ ሲያድር ውሃ ስለሚጠጣና ስለሚከብድ፣ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ከውሃ አውጥቶ እንዲደርቅ ያቆመዋል። እንዲህ ተጠብቆም ቢሆን ዕድሜው ከጥቂት ወራት ብዙም ስለማይዘል በየጊዜው ሌላ መሥራት ግድ ነው። የእኛ ሐሳብ ሁሉ ከዚህ ይነሣል፤ ከታንኳ ሠሪው የበለጠ ለደንገል የሚጨነቅ ሰው የለም፣ ምክንያቱም ደንገል ያጣ ታንኳ ሠሪ የሚቀጥለውን ዓመት በዚህ ሙያ አያየውም። ግንዱን ከላይ አጭዶ ሥሩን የሚተወው፣ ሥሩ ከተረፈ ደንገሉ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ ስለሚያውቅ ነው።

በዚህ ሙያ ግንባር ቀደም የሆኑት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ከታንኳው ሌላ ከደንገል ምንጣፍና ቅርጫት ይሠራሉ። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ፤ የሐይቁ ዕውቀት ግን በእጃቸው አለ። ለዘመናት በጉማሬ አዳኝነታቸው ሲናቁ፣ ከተማው እየሰፋ ሲሄድም ከዳርቻው ሲገፉ መኖራቸውን ሳንጠቅስ ብናልፍ ጥሪያችን ሐቀኛ አይሆንም። ባህሉን እናደንቃለን እያሉ የባህሉን ባለቤት መርሳት ተገቢ ነው ብለን አናምንም፤ ስለዚህም በአስተባባሪ ኮሚቴው ውስጥ እነርሱ በአጋዥነት ሳይሆን በወሳኝነት ተቀምጠዋል።

ከረግረጉ የሚወጣው ደንገል ብቻም አይደለም። በዓል በመጣ ቁጥር በየቤቱ የሚጎዘጎዘው፣ የቡናው ረከቦት የሚቀመጥበት፣ በቀዳም ስዑርም ካህናቱ ለኖኅ የተሰጠውን የምሥራች እያስታወሱ ለምእመናን የሚያድሉት ቄጤማ የሚታጨደው ከእንዲህ ያለው እርጥብ መሬት ነው። ገበያ ላይ ቄጤማ ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ዛሬ ወደ ራቀ ቦታ ሄደው ለማጨድ ተገደዋል።

ጉዳቱ በአንድ ምክንያት የመጣ አይደለም። ውሃው በበጋ ሲሸሽ የሚታረሰው የባሕር ሸሽ መሬት ከዓመት ዓመት ወደ ደንገሉ እየገፋ መጥቷል፤ ለጋውን ቡቃያ ከብት ይግጠዋል፤ ከተራራው የሚወርደው ደለልም ዳርቻውን ይሞላዋል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ የተሠራው መቆጣጠሪያ ግድብ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ የሐይቁን የውሃ ከፍታ ልማድ ለውጠውታል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም ተጨመረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ዘመቻ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ እምቦጭ የነቀለ ሰው ከመካከላችን ብዙ ነው፤ በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችንም ያን ጊዜ እጃችሁን እንደዘረጋችሁ አንረሳም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገቡ አስደስቶናል፤ ይሁን እንጂ ምዝገባው ብቻውን ከብት አያግድም።

ስለዚህ የጠየቅነው ይህን ነው። የሐይቁ ውሃ ዝቅ በሚልበት በግንቦት ወር፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ከጤነኛው ደንገል የተወሰደ ሥር በተራቆተው ዳርቻ እንተክላለን። ጉልበቱን፣ ሥሩንና የጥበቃ ተራውን እኛ እንችላለን። የአጥር እንጨትና ሽቦ፣ የጎማ ቦት ጫማና ጓንት፣ ለእንግዶች የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት፣ ረግረጉን ሳይረግጡ ለማየት የሚያስችል አጭር የእንጨት መረማመጃ፣ የዳሱም ቆርቆሮ ግን በገንዘብ የሚገዙ ናቸው። እንግዳ ከሚከፍለው የጉብኝት ገንዘብ ቅድሚያ የሚከፈለው ለቀዛፊውና ለታንኳ ሠሪው ሲሆን፣ የቀረው ለተከላው ይውላል። በወረርሽኙ፣ ኋላም በጦርነትና በጸጥታ ችግር ምክንያት ጎብኚ እንደቀነሰ እናውቃለን፤ ደንገሉ ግን የጎብኚን መመለስ ቆሞ ስለማይጠብቅ ተከላውን ማስቀደም መርጠናል።

መዋጮው የሚሰበሰበው በዕድሩ ስም በተከፈተና በሦስት ፈራሚዎች በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። የሒሳብ ቁጥሩንና የዕቃዎቹን የዋጋ ዝርዝር ከዕድሩ ጸሐፊ ማግኘት ይቻላል። በግል የስልክ ወይም የቴሌብር ቁጥር ገንዘብ እንዲቀበል የወከልነው ሰው አለመኖሩን እናሳስባለን። ገንዘብ ለማይመቸው ጣውላ፣ ሚስማር፣ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ወይም የአንድ ቀን የአናጺ ሥራም መዋጮ ነው፤ ሁሉም ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ወጪና ገቢውም በየሦስት ወሩ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል።

በግንቦት በአካባቢው የምትገኙ ሁሉ ለተከላው እንድትመጡ እንጋብዛለን። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከዳርቻው እንነሣለን፤ የሚቀየር ልብስ መያዝ አይዘንጋ፣ ቡናው ከእኛ ነው።

የአስተባባሪ ኮሚቴው