ለእናቴ፣ ከዘፈኖቹ ጋር የተላከ

ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ክረምቱን እንዴት ቻለው? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከትናንት በስቲያ ከጎረቤቶቼ ጋር ደመራ ለኩሰን አመሸን። ጭሱ ፊቴ ላይ ሲመጣ አንቺ በነጠላሽ ጫፍ አፍንጫሽን ሸፍነሽ የምትቆሚው ትዝ አለኝ።

ይህን ለምታነብልሽ ለእህቴ ልጅ፦ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ አያትሽ «እስቲ ድገሚው» ስትልሽም አትሰልቺ።

እምዬ፣ ከደብዳቤው ጋር በነጭ ጨርቅ የተቋጠረች ትንሽ ፍላሽ አለች። ሬድዮው ጎን ላይ፣ ከባትሪው ክዳን ከፍ ብላ ባለችው ቀዳዳ ትሰካለች። ሠላሳ ዘፈን ጭኜባታለሁ። ስትከፍቺው ቁጥሩ ከሁለት ቢጀምር ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ። አንድን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱን ኋላ እነግርሻለሁ።

ዘፈኖቹን የደረደርኳቸው በዘፋኝ ወይም በባንድ አይደለም፤ በወር ነው። ከመስከረም ተነስተው ነሐሴ ላይ ያልቃሉ። ልጆች ሳለን በዘር ወቅት የአውድማ ዘፈን የዘፈነ ከምድጃሽ ዳር ይባረር ነበር። «ዘፈን እንደ ዘር ነው፤ ወሩን ካሳቱት አይበቅልም» ትይን ነበር። ያኔ ቁጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ልብስ ስፌት ቤት ገብቼ ሬድዮ ከጠዋት እስከ ማታ ስሰማ ግን ገባኝ። እጄ ወሩን ያውቀዋል፤ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ የእንቁጣጣሽ ቀሚስ ይከመራል፣ በታኅሣሥ የገናና የጥምቀቱ ይመጣል፣ በጥር የሙሽራው፣ በሁዳዴ ማገባደጃ የፋሲካው። ጆሮዬ ግን አያውቅም። ውጪ በረዶ እየወረደ ሬድዮው ስለ መኸር ይዘፍናል፤ የሠርግ ዘፈን በፍልሰታ ዋዜማ ይለቀቃል። ጥልፉ ላይ አቀርቅሬ ስውል ዓመቱ ሁሉ አንድ ቀን ሆኖብኝ ያውቃል። ስለዚህ በአንቺ ወራት ሰደርኳቸው። የተሳሳትኩት ካለ አስተካክዪኝ፤ በዚህ ጉዳይ ዳኛዬ አንቺ ነሽ።

ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ብዬ ሳልመጣ ቀረሁ። መንገዱ አያስተማምንም ብላችሁ የከለከላችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እኔም አልተጨቃጨቅኩም፤ ግን ሆዴ አልቻለም። በዋዜማው ስደውልልሽ ሰላምታ እንኳን ሳታስጨርሺኝ እንዲህ አልሽ፦

አደይ በየሜዳው ፈክቶ እየታየ፣
የኔማ አበባ ሽሮ ሜዳ ቆየ።

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ደጋግሜ ብደውል አልገባ አለኝ። ሁለቱን ስንኝ በቀሚስ መቅረጫ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸውና ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኳቸው። አብራኝ የምትሠራው የወሎ ልጅ አንብባ ዝም ብላ ቆየችና «እናትሽ ናቸው?» አለችኝ። «እሷ ናት» አልኳት። ያን ቀን ሁለታችንም ብዙ አልተናገርንም።

ከእንቁጣጣሹ ሁለት ቀን በፊት፣ ጳጉሜ 4፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሱቁ ሥራ ፈቶ ነበር ማለት ይቻላል። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. አልነበር? ያኔ መዋጮ ሲጠየቅ ጥቢኛ ዶሮሽ የጣለችልሽን እንቁላል ሸጠሽ የሰጠሽውን ብር አስታወስኩ። አምስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ሜጋ ዋት ማለት ስንት ቤት እንደሚያበራ ለአንቺ ላስረዳሽ አልችልም፤ ዳሩ ሱሃም ሙጋም ዞረው ዞረው አባይ እንደሚገቡ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ልብስ ያጠብንበት ውሃ ጉባ ላይ ተገድቦ ቆመ ማለት ነው። አሁን ደግሞ እናንተ ቤት መብራቱ የሚመጣበትን ቀን እጠብቃለሁ፤ ባትሪ እየገዙ ሬድዮ መስማት ይብቃሽ።

ያን ቀን ሬድዮው ስለ አባይ የተዘፈነውን ሁሉ ሲያከታትለው ዋለ። አብዛኛው የሆታና የፉከራ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ቀኑ የሆታ ቀን ነበር። እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ የከፈትኩት የእጅጋየሁ ሽባባውን «አባይ» ነው። የኛዋ የቻግኒ ልጅ፣ ጂጂ የሚሏት። የግድቡ መሠረት ከመጣሉ አሥር ዓመት ገደማ በፊት ነው ያስቀረጸችው፤ ያኔ ግድቡ ገና አልተጀመረም ነበር። አባይን እንደ ሰው ታናግረዋለች፤ የምትወደውንና ያስቀየማትን ሰው እንደምታናግሪው አድርገሽ አስቢው። ድምፅዋ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዜማ አለ፤ ከዲማ ጊዮርጊስ የሚመጡት የቆሎ ተማሪዎች በራችን ላይ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ የሚያነሱት ዓይነት። ሁለተኛው ቁጥር እሷ ናት። ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚያት። የዚያችው የጂጂ ዓድዋ ደግሞ የካቲት ላይ አለች፤ እስከ 23 ድረስ ጠብቂያት፣ ቀድመሽ አትክፈቻት።

የጥርን ብዙ አልነግርሽም፤ የሠርግ ዘፈን ማንም ያውቀዋል፤ አንቺም ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ሁዳዴ ላይ ግን ምንም የለም። ለሃምሳ አምስት ቀን የሚሆን ዝምታ ፍላሽ ላይ መጫን አይቻልም እንጂ ብችል እጭነው ነበር። ሦስት የበገና መዝሙር ብቻ አስቀምጫለሁ፤ ማታ ማታ ስሚያቸው።

ከሁዳዴ በኋላ ያለው የመጀመሪያው የጥላሁን ገሠሠ ነው። ለምን ፋሲካ ላይ እንዳደረግሁት መቼም አይጠፋሽም። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዶሮው ድስት ላይ ነው፣ ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፣ አባቴ በሕይወት አለ። ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆሞ «ጥላሁን ሞተ አሉ» ብሎ ሲናገር እጅሽ ላይ ያለው ማማሰያ ቆመ። አባቴ ሬድዮኑን ሊከፍት ሲነሳ «በትንሣኤ ቀን አይለቀስም» አልሽ፣ ጠንከር ባለ ድምፅ። ከዚያ ምንም የሚቀዳ ነገር ሳይኖር ማሰሮውን ይዘሽ ወደ ጓሮ ወጣሽ። ስትመለሺ ማሰሮው ባዶ ነበር፤ ዓይንሽ ግን ቀልቷል። እስከ ዛሬ ይህን እንዳየሁ አልነገርኩሽም። የጥላሁን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የሚሸተኝ የዚያ ቀን ቄጠማና የወጡ ቅቤ ነው።

አንድ ወር ያጣሁለት ዘፈን አለ። የሙሉቀን መለሰ «ሄደች አሉ»። እንዝርትሽን እያሾርሽ የምታንጎራጉሪያት እሷን ነበር፤ ክሩ ሲበጠስ ዘፈኑም ይቋረጣል፣ ስትቀጥዪው ካቆምሽበት ትነሺያለሽ። ሙሉቀን የጎጃም ልጅ መሆኑን የሰማሽ ቀን «ታዲያ ይህ ድምፅ ከሌላ ከየት ይመጣል?» ብለሽ ነበር። ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ዞረ ሲሉሽ ደግሞ «ድምፁን ለሰጠው መለሰለት፤ ምን አጠፋ?» አልሽ። በ2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲያርፍ ሁዳዴ ነበር። ሱቃችን በጾሙ ዘፈን አይከፍትም። ሁሉም በስልኩ እየሰማ ሲያለቅስ እኔ ፋሲካን ጠበቅኩ፤ ያሳደግሽኝ እንዲያ ነውና። ከፆም በተፈታሁ ማግስት ሰማኋት። ያኔ ነው እህቴ የነገረችኝን ያመንኩት፤ እኔ ወደ አዲስ አበባ ከሄድኩበት ቀን ጀምሮ ያችን ዘፈን አንጎራጉረሽ አታውቂም አለችኝ። እምዬ፣ ስሟ ነው እንግዲህ። ሠላሳ አንደኛ አድርጌ መጨረሻ ላይ አስቀምጫታለሁ። ከፈለግሽ ስሚያት፣ ካልፈለግሽ ተያት፤ እኔ አላዝንም።

የነሐሴው ነገር ከሁሉም ከበደኝ። ሆያ ሆዬን ከሬድዮ የተቀዳ አግኝቼ ጭኜልሻለሁ፤ ግን ሳልወድ ነው። ቡሄ ከፍላሽ አይሰማም። የ2015ቱን ቡሄ አንቺም አልረሳሽውም። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፣ ኢንተርኔቱም ጠፋ፣ የተኩስ ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር ብለሽ ነግረሽኛል። አንቺ ግን ነሐሴ 12 ቀን እንደ ወትሮው ሙልሙል ጋገርሽ። ስንት እንደነበረ ጠይቄሽ «ሃያ ሁለት» አልሽኝ። ጅራፍ አልጮኸም፣ ችቦ አልተለኮሰም፣ እናቶች ልጆቻቸውን ከቤት አላወጡም። ሙልሙሉን በሌማት ደርድረሽ፣ በነጠላ ሸፍነሽ፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥሽ። ደውዬ ሳገኝሽ የነገርሽኝ ስለ ተኩሱ አልነበረም። «ልጆቹ ሳይመጡ ቀሩ፤ ዳቦው ደረቀ» ነው ያልሽኝ። ጧት ለየቤቱ ራስሽ አዞርሽው፤ እየዘፈኑ ሊወስዱ የሚገባቸውን ዳቦ ዝም ብለው ተቀበሉሽ። ስለ ጦርነቱ ብዙ ሰው ብዙ ይናገራል፣ እኔም እሰማለሁ፤ የጎዳን ምን እንደሆነ የምረዳው ግን ያ ሃያ ሁለት ሙልሙል ሲታወሰኝ ነው። ልጆች በዓመት አንዴ የሚዘፍኑትን ዘፈን አንድ ዓመት ከዘለሉት ትንንሾቹ ከማን ይማሩታል? እህቴ ባለፈው ነሐሴ ጥቂት ልጆች መጡ ብላኛለች። ግጥሙን ሲሳሳቱ ከውስጥ ሆነሽ እያረምሽ አስዘፈንሻቸው አሉ። እሰይ!

አሁን ስለ ቁጥር አንድ ልንገርሽ።

የመስከረም የመጀመሪያው ዘፈን ያ ሣሩን ስንነቅል የምንዘፍነው፣ የእንግጫ ነው መሆን ያለበት። አበባየሆሽ እዚህም ሞልቷል፤ የከተማ ልጆችም ይዘፍኑታል። የእንግጫ ነቀላን ግን በየሬድዮው፣ በየስልኩ ፈልጌ የኛን አጣሁት። የሌላ ወረዳ አገኘሁ፤ ዜማው ይቀርባል፣ አንድ አይደለም። በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ ከጓደኞቼ ጋር ወደ መስኩ ወርደን፣ ጤዛው ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት አርሶት፣ እንግጫውን ከሥሩ ስንመዝ የምትቀበዪን አንቺ ነበርሽ። አዝማቹ አለኝ። መጀመሪያው አለኝ። እንግጫውን ከአደይ ጋር ጎንጉነን ምሰሶው ላይ ስናስር የሚዘፈነው፣ ዜማው ዝቅ ብሎ የሚዞርበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን ይጠፋብኛል። ስፌት ላይ ሆኜ በቀን አሥር ጊዜ እሞክረዋለሁ፤ አሥር ጊዜም እዚያው እቆማለሁ።

እና እምዬ፣ ለእህቴ ልጅ ስልኳን ከፍታ እንድትቀዳሽ ነግሬያታለሁ። ጉሮሮዬ አርጅቷል እንዳትዪኝ፤ ያረጀው ጉሮሮሽ ነው የሚያስፈልገኝ። ደብዳቤውን የያዘው ሰው ሐሙስ ይነሳል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ቅዳሜ ወይም እሁድ ይደርስሻል። አደይ ገና ሜዳው ላይ እያለ ማለት ነው። ከረገፈ በኋላ ብለምንሽም እንደማትዘፍኚልኝ ስለማውቅ ነው የቸኮልኩት።

ለፋሲካ የምትለብሺውን ቀሚስ ጥልፉን ጀምሬዋለሁ፤ ጥለቱ አንቺ የምትወጂው የአረንጓዴ ነው። ለእህቴ፣ ለባሏ፣ ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ጉልበትሽን እየሳምኩ፣
ልጅሽ